«ቢተር» ስለምትባለው ቃል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)

እንዲህ ባለው ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር መናገር የተለመደ ነው። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን አንዲት ትንሽ ቃል ናት፤ እርስዋም በእንግሊዝኛ «ቢተር» የምትባለዋ ናት። መዝገበ ቃላት ብንገልጥ «ቢተር ማለት መራራ» ብሎ በአንድ መስመር ይጨርሳታል። እኛም በደብተራችን ላይ በግራ እንግሊዝኛውን በቀኝ አማርኛውን ጽፈን፤ በቃላችን አጥንተን እናልፋታለን። «ታዲያ ስለ እርስዋ ምን የሚነገር አለ?» የሚል ሰው ቢኖር መልሱን በትዕግሥት እንዲሰማኝ እለምናለሁ።

ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፤ የምንኖርበት የከፋ ምድር የቡና አገር ነው፤ ቡና ደግሞ መራራ ሆኖ ሳለ ዓለም ሁሉ የወደደው መጠጥ ነው። ሁለተኛው፤ ከመካከላችን ብዙዎቻችን በቤት በከፊኖኖ፤ በገበያና በመሥሪያ ቤት በአማርኛ፤ በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የምንናገር ነን። በሦስት ቋንቋ የሚኖር ሰው አንዱን ቃል በሌላው ሲለውጥ ምን እንዳተረፈና ምን እንደ ጐደለበት ማወቅ ይገባዋል፤ ያለዚያ ገንዘቡን ሳይቈጥር እንደሚመነዝር ነጋዴ ይሆናል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ትውልድ እንናገር። «ቢተር» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ውስጥ የነበረ እውነተኛ የአገር ቃል ነው እንጂ ከላቲን ወይም ከፈረንሳይኛ የተበደሩት አይደለም። ጀርመኖችና ሆላንዶችም እስከ ዛሬ «ቢተር» ይላሉ። የቃሉ ሥር «ባይት» ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ነው፤ «ባይት» ማለትም «ነከሰ» ማለት ነው። እንግዲህ «ቢተር» በመጀመሪያ «የሚነክስ» ማለት ነበረ። ከዚሁ ከመንከስ ቤተ ሰብ ሌሎችም ቃላት ተወልደዋል። «ቢት» ማለት ቍራሽ ነው፤ አንድ ጊዜ የሚነከስ ያህል ስለ ሆነ። «ቤይት» ማለት ዓሣ እንዲነክሰው በመንጠቆ ላይ የሚደረግ ምግብ ነው። «ቢትል» ማለት ጢንዚዛ ነው፤ የስሙም ትርጕም «ነካሹ» ማለት ነው።

«ቤዎልፍ» በሚባለው ጥንታዊ የእንግሊዞች ግጥም ውስጥ ይህች ቃል ለስለታም ቢላዋ ተነግራ ትገኛለች። ቢላዋውን የቀመሰው ሰው ግን የለም! ስለቱ እንደ ጥርስ ይነክሳል ለማለት ነው። የጥንት እንግሊዞች መራራ ነገር በምላሳቸው ላይ ባረፈ ጊዜ፤ ጣዕሙን «ነካሽ» ብለው ጠሩት ማለት ነው። እኛም በርበሬ ሲበዛብን «አቃጠለኝ፤ ፈጀኝ» እንላለን፤ ሆኖም በወጡ ውስጥ እሳት የለም። የሰው ልጅ ጣዕምን በቀጥታ ለመናገር ስለሚቸገር፤ አንዱ ከጥርስ፤ አንዱ ከእሳት ይበደራል።

አሁን ደግሞ ወደ እኛው «መራራ» እንመለስ። ይህ ቃል ከግዕዝ የወረስነው ነው፤ በግዕዝ «መሪር» ይባላል። ዘመዶቹም ብዙ ናቸው፤ በዕብራይስጥ «ማር»፤ በዐረብኛ «ሙር» ይባላል። በኦሪት ዘፀአት የእስራኤል ልጆች ሊጠጡት ያልቻሉት የምድረ በዳ ውሃ «ማራ» የተባለው መራራ ስለ ነበረ ነው። በመጽሐፈ ሩትም ኑኃሚን ባልዋንና ልጆችዋን ካጣች በኋላ «ማራ በሉኝ» ያለችው ከዚሁ ሥር ነው። ከዚህም በላይ፤ ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ካመጡት ስጦታ አንዱ የሆነው ከርቤ በእንግሊዝኛ «ሜር» ይባላል፤ ይህም ስም በግሪክና በላቲን በኩል አልፎ የሄደ የሴም ቋንቋዎች ቃል ነው፤ ትርጕሙም «መራራ» ነው። ስለዚህ እንግሊዞች «ቢተር» የሚለው የራሳቸው ቃል እያለ፤ የእኛን የ«መራራ»ን ዘመድ ደግሞ ሳያውቁት በከርቤ ስም ይዘው ይኖራሉ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። አንድ የዕብራይስጥ ተናጋሪ ወደ ቦንጋ ገበያ መጥቶ «ማር! ማር!» ሲባል ቢሰማ፤ «መራራ! መራራ!» እያሉ የሚሸጡ ይመስለው ነበር። የከፋን የጫካ ማር ከቀመሰ በኋላም «እነዚህ ሰዎች ምላስ የላቸውምን?» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የእኛ «ማር» በግዕዝ «መዓር» ነው፤ በመካከል ያለው «ዓ» በጊዜ ብዛት ስለ ጠፋ አጠረ። ሥሩ ከ«መራራ» ሥር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሁለቱ ቃላት በመንገድ ላይ የተገናኙ መልከ ተመሳሳዮች ናቸው እንጂ ወንድማማች አይደሉም።

በእንግሊዝኛም እንዲህ ያለ መልከ ተመሳሳይ አለ። «ቢተር ኤንድ» የሚል አነጋገር አላቸው፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ለማለት ነው። ሰው ሲሰማው «መራራ ፍጻሜ» ይመስለዋል። ነገር ግን በ1627 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ካፒቴን ጆን ስሚዝ ስለ መርከብ ሥራ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ «ቢተር» የተባለው፤ በመርከብ ላይ «ቢትስ» በሚባሉት ምሰሶዎች የሚጠመጠመው የመልሕቅ ገመድ ነው። ገመዱ እስከዚያ ድረስ ከተለቀቀ የሚቀጥል ገመድ የለም። ብዙ ሊቃውንት አነጋገሩ የመጣው ከዚህ ነው ይላሉ፤ የመራራነት ትርጕም የገባበት በኋላ ነው።

የአገራችንም ስም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። «ከፋ» በአማርኛ «መጥፎ ሆነ» ከሚለው ግሥ ጋር በድምፅ ይመሳሰላል። ስለዚህ «ምን ከፍቶበት ነው ከፋ የተባለው?» እያለ የሚቀልድ እንግዳ አይጠፋም። ስማችን ግን የአማርኛ ግሥ አይደለም፤ የራሱ የሕዝቡ ስም ነው። ከዚህ የምንማረው፤ ቃልን በመልኩ ብቻ መፍረድ እንደማይገባ ነው። ሰውን «ከየት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ብለን እንደምንጠይቅ፤ ቃልንም እንደዚሁ መጠየቅ አለብን።

ይህን ሕግ በሚያቀልዱብን ላይ ብቻ ሳይሆን በምንኰራበት ነገር ላይም ልንፈጽመው ይገባል። ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ አሁን የምናገረው ለአንዳንዶቻችሁ የማይጥም ይሆናል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ «ኮፊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ከፋ» ከሚለው ስም የመጣ ነው ሲባል ሰምተናል። ቋንቋ የሚመረምሩት ሊቃውንት አብዛኞቹ ግን የቃሉን መንገድ በሌላ አቅጣጫ ያሳያሉ። እንግሊዞች ቃሉን ከአውሮፓ ጎረቤቶቻቸው፤ እነዚያም ከቱርኮች «ካህቬ»፤ ቱርኮችም ከዐረቦች «ቀህዋ» ወሰዱት ይላሉ። «ቀህዋ» ደግሞ በቀድሞ ጊዜ ለወይን ጠጅ ይነገር የነበረ ቃል ነው። ቃሉ ከከፋ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ማስረጃቸው ግን ከድምፅ መመሳሰል ብዙም አያልፍም። ከላይ እንዳየነው የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ታዲያ በዚህ እንዘን? አይገባም። ቃሉ የትም ይወለድ፤ ተክሉ የተወለደው በዚህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ለመሆኑ ምስክሩ ደኑ ራሱ ነው። ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና በማንኪራና በሌሎች ጫካዎቻችን ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ይገኛል። የተክል ዘር የሚመረምሩ ሊቃውንትም ይህን አረጋግጠዋል። ስዊድናዊው ሊኔዎስ በ1753 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ተክሉን «አራቢካ» ብሎ ስም ያወጣለት አውሮፓ ቡናን በዐረብ አገር በኩል ስላወቀው ነበር፤ ይህ ግን የተክሉን አገር አልለወጠውም። በ2010፤ በዚያው አቈጣጠር፤ ዩኔስኮ የከፋን ደን በዓለም የሕይወተ ከባቢ ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ ጻፈው። በከፊኖኖ «ቡኖ»፤ በአማርኛ «ቡና»፤ በዐረብኛ «ቡን» መባሉም ፍሬው ከነስሙ ከእኛ በኩል ባሕር መሻገሩን የሚያስገምት ነው። እውነተኛ ሀብት ያለው ሰው የሰው ልብስ ተበድሮ መልበስ አያስፈልገውም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ቡናን ካነሣን ዘንድ ምሬት ምን እንደ ሆነም እንጠይቅ። ቀድሞ መራራ የሚታወቀው በምላስ ሥር ብቻ ነው ይባል ነበር፤ ይህ ትክክል እንዳልሆነ ታውቋል። የዘመኑ ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፤ በሰው ምላስ ላይ መራራን የሚለዩት ተቀባዮች ወደ 25 የሚደርሱ ዐይነቶች ናቸው። ለዚህም የሚሰጡት ምክንያት፤ በዕፀዋት ውስጥ ያለው መርዝ ብዙውን ጊዜ መራራ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ምሬት በአፍ ደጃፍ ላይ የቆመ ዘበኛ ነው ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ መራራ የሆነ ሁሉ መርዝ አይደለም፤ መርዝ የሆነም ሁሉ መራራ አይደለም። ዘበኛውን መስማት እንጂ እንግዳውን ሁሉ ማባረር አይገባም።

የአገራችን ሰዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የጠላ እንስራ የሚታጠበው በመራራው ግራዋ ነው። ጠላና ጠጅ ያለ ጌሾ አይጠነሰሱም፤ ጌሾ ደግሞ መራራ ነው። እንግሊዞችም ቢራቸውን የሚያመርር «ሆፕስ» የሚባል ተክል ይጨምራሉ፤ ከቢራቸውም አንዱን ዐይነት በቀጥታ «ቢተር» ብለው ይጠሩታል። የእንግሊዝ ሰው መጠጥ ቤት ገብቶ «አንድ ቢተር ስጡኝ» ሲል ምሬቱን ሳይሆን ቢራውን እየጠየቀ ነው። ኮሶም የአንጀት ትልን ለማስወጣት አባቶቻችን ፊታቸውን አጨማደው ይጠጡት የነበረ መድኃኒት ነው። በ1820 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ሁለት ፈረንሳውያን ከአንድ የዛፍ ልጥ ለይተው ያወጡት ኪኒን ስንቱን ሰው ከወባ እንዳዳነ የቆላ ሰው ያውቃል፤ እርሱም መራራ ነው።

ቡናም እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው ሩንጌ በ1819 በዚያው አቈጣጠር ከቡና ውስጥ ካፌይንን ለይቶ አወጣ። ካፌይን ለተክሉ ተባይን የሚከላከልበት ጋሻው ነው፤ ለእኛ ግን እንቅልፍን የሚያባርር ወዳጅ ሆነ። የሚያስደንቀው፤ ከቡና ምሬት የካፌይን ድርሻ ጥቂቱ ብቻ ነው። ካፌይኑ የወጣለት ቡና እንኳ መምረሩን አይተውም። ከቀረው ምሬት ብዙው የሚወለደው ቡናው በምጣድ ላይ በሚቈላበት ጊዜ ነው። በገጠር ቡና ላይ ጨው ጣል የማድረግ ልማድ አለ፤ ጨው የመራራን ጣዕም እንደሚያበርድ ሊቃውንት በቅርብ ዘመን በምርምር አረጋገጡ፤ እናቶቻችን ግን በጀበናው አጠገብ ተቀምጠው ከእነርሱ ቀድመው ደርሰውበት ነበር።

አንድ ታሪክ ልጨምር። በ1931 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር አርተር ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ዱቄት ሲገለብጥ ጥቂቱ በአየር በነነ። አብሮት የሚሠራው ሰው «እንዴት ይመራል!» ሲል፤ ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰም። በኋላ በብዙ ሰዎች ላይ ሲሞከር፤ አንዳንዱ ሰው ያን ዱቄት በጣም መራራ ሆኖ እንደሚያገኘው፤ አንዳንዱ ፈጽሞ እንደማይሰማው፤ ይህም ከወላጆች የሚወረስ እንደ ሆነ ታወቀ። እንግዲህ ጓደኛችን «መረረኝ» ሲል እኛ ስላልመረረን ብቻ ውሸታም ነው ልንለው አንችልም። ይህ ለምላስ እውነት ከሆነ፤ ለልብማ እንዴት አብልጦ እውነት አይሆንም?

ምሬት ከምላስ ወደ ልብ መውረዱ በሁለቱም ቋንቋ ይገኛል። እንግሊዞች ለመረረ ልቅሶ፤ ለመረረ ጠብና ለመረረ ጠላት «ቢተር» ይላሉ፤ እኛም «ምርር ብሎ አለቀሰ»፤ «ኑሮ መረረው»፤ «ተማረረ» እንላለን። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ቃላት ተያይዘው ይሄዳሉ። ከዚህ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። እንግሊዞች ጽኑ ብርድን «ቢተር» ይሉታል፤ ብርዱ ስለሚነክስ። በአማርኛ «መራራ ብርድ» ብንል ሰሚው ይስቅብናል። እኛ የምንለው «ብርዱ ይቈረጥማል» ነው። ልብ በሉ፤ እነርሱ በ«ቢተር» ውስጥ የደበቁትን ጥርስ እኛ በ«ቈረጠመ» ውስጥ በግልጥ አወጣነው!

በአማርኛ ደግሞ እንግሊዝኛው የማይደርስበት ቦታ አለ። «አመረረ» እንላለን። «ነገሩን አምርሮ ያዘው» ስንል ቀልዱን ትቶ፤ ልቡን አጽንቶ፤ ወደ ኋላ ላይመለስ ቈረጠ ማለታችን ነው። አርበኛ አምርሮ ይዋጋል፤ ገበሬ አምርሮ ያርሳል፤ ተማሪ አምርሮ ያጠናል። አንድ ተማሪ ይህን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ለውጦ በፈተና ላይ «ቢተርሊ አጠናለሁ» ብሎ ቢጽፍ፤ ፈታኙ የሚረዳው ልጁ እያለቀሰና እየተራገመ እንደሚያጠና ነው። ቃሉ ትክክል፤ ሰዋስዉ ትክክል፤ ሐሳቡ ግን ጠፋ። በዚህ ዓመት ብሔራዊ ፈተና የምንቀመጥ ሁላችን እንዲህ ያለ ጕድጓድ በፊታችን አለ። ከጕድጓዱ የምንድነው በግራና በቀኝ በተጻፈ የቃል ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣ፤ ከማን ጋር እንደሚውል፤ የት ሲደርስ እንደሚመለስ በማስተዋል ነው።

በአማርኛ አንድ ሥር «ተማረረ» የሚለውንም «አመረረ» የሚለውንም ወልዷል። ሁለቱም ምሬትን የቀመሱ ናቸው። የተማረረ ሰው ግን ምሬቱን በአፉ ይዞ ሲያጉረመርም ይውላል፤ ያመረረ ሰው ምሬቱን ውጦ ሥራውን ይሠራል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ መጽሐፉ አነሰ፤ መብራቱ ጠፋ፤ የእንግሊዝኛው ትምህርት ከበደ እያልን የምንማረርበት ነገር አናጣም፤ ብዙውም እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን አያሻግረንም። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ልዩነት በሁለት ፊደል ያስቀመጡልን የአማርኛ ባለቤቶች ትልቅ ትምህርት ትተውልናል፤ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ቢተር»ን ብንፈልግ ይህን አናገኘውም።

ለታናናሾቻችን ወንድሞችና እኅቶች አንድ ምክር ልስጥ። የቤታችሁን ቋንቋ አትናቁ። በከፊኖኖ መራራን፤ ጐምዛዛንና ጣፋጭን አያቶቻችሁ እንዴት እንደሚጠሩአቸው፤ ከምግብም ወጥተው ለሐዘንና ለደስታ እንዴት እንደሚናገሩባቸው ጠይቁ፤ በደብተራችሁም ጻፉ። ሦስተኛውን ዓምድ ካልሞላነው የሁለት ቋንቋ ዝርዝር ለእኛ ጐዶሎ ነው። ይህን ሥራ ከውጭ አገር የሚመጣ ሊቅ እስኪሠራልን መጠበቅ የለብንም።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። መምህራኖቻችን አንዳንድ ጊዜ መራራ ተግሣጽ እንደ ሰጡን አንረሳም፤ እንደ ኮሶውና እንደ ኪኒኑ ጥቅሙ የሚታወቀው ቈይቶ ነው። ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፤ ለመምህራኖቻችን ጤና፤ ለእኛም ሳንማረር የምናመርርበትን ልብ እመኛለሁ።